ስምንት ሺህ እርምጃ ከአልጋ ላይ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን ዡ ሊንግየን እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ታወጣና ስልኳን ከትራሷ አጠገብ ታነሳለች። አልጋው ራስጌ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ቆማለች፤ ስልኩን እሷ ላይ ትሰካውና ቁልፏን ትጫናለች። ዕቃዋ ስልኩን ይዛ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ መወዛወዝ ትጀምራለች። ስትወዛወዝ ቂው ቂው ትላለች። ሊንግየን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ስልኩ ግን መንገድ ጀምሯል።

ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዕቃዋ በራሷ ጊዜ ትቆማለች። ያን ጊዜ ስልኩ ስምንት ሺህ ከምናምን እርምጃ ተራምዷል። የስልኩ ባለቤት ሽንት ቤት እንኳ አልደረሰችም።

እንዲህ ዓይነቱ ማወዛወዣ በኢንተርኔት ገበያ የሚሸጠው ለሰነፍ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ የእግር ጉዞ ውድድር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንደኛ መውጣት ለሚያምረው ሰው። ሊንግየን ግን ስንፍናን አታውቀውም። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። በወደብ ከተማዋ በኒንግቦ፣ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የናሙና ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሸሚዝ ስትለካ ኖራለች። አንዱ እጅጌ ከሌላው ሦስት ሚሊ ሜትር ቢያጥር ሜትር ሳታነሳ በዓይኗ ትለየው ነበር። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ሜትሩን በእጇ እንደያዘች ቀጥሎ የምትሠራው ጠፋባት። አርባ ደቂቃ ያህል ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሜትሩን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችላት። ሊንግየን ፈቃድ ጠይቃ ቤቷ ገባች፣ ተኛች፣ በዚያው ቀረች። ሆስፒታል በሄደች ጊዜ ከባድ ድብርት ነው አሏት። መድኃኒትም ሰጧት። መድኃኒቱ እጇን ከማንቀጥቀጥ በቀር ያመጣላት ነገር አልነበረም።

ማወዛወዣውን የገዛችው ለአንድ ሰው ብላ ነው፤ ለአባቷ።

መምህር ዡ ቦጁን በባቡር አራት ሰዓት በሚያስኬደው በዪያንግ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ በሰባ አንድ ዓመታቸውም የሚቀመጡት ደረታቸውን ነፍተው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ልባቸው ታመመና የደም ሥራቸው ውስጥ ትንሽ የብረት ቱቦ ገባላቸው፤ ሐኪሙም በየቀኑ ይራመዱ አለ። ያን ጊዜ የእርምጃ መቁጠሪያውን ስልካቸው ላይ የጫነችላቸው ሊንግየን ራሷ ናት። ከሩቅ ሆና አባቷ ዛሬ ተነሥተዋል ወይስ አልተነሡም የሚለውን ማየት ፈልጋ ነበር። ጥሩ ልጅ እንዲህ ታደርጋለች፤ ጎረቤቱም ዘመዱም አመሰገናት። ችግሩ መቁጠሪያው ለሁለቱም ወገን የሚያሳይ መሆኑ ነው። እሷ የአባቷን እንደምታየው አባቷም የእሷን ያያሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ ሥራ የሌላቸው ሰው በመሆናቸው፣ ማታ ማታ ሳይተኙ በፊት የልጃቸውን ቁጥር ከፍተው ቀይ ልብ ይጫኑበታል። ቁጥሩ ካነሰ ይደውላሉ። "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?"

ይህን ጥያቄ ነው ሊንግየን የፈራችው። እናቷ በመጨረሻው ሳምንት እጇን ይዘው አደራ ያሏት ነገር አንድ ብቻ ነበር። "አባትሽን የሚያስጨንቀውን ነገር ወደ ጆሮው እንዳታደርሺ።" ሊንግየንም ቃሏን ጠበቀች። ፍቺዋን የነገረቻቸው ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ እየሳቀች ነው። ሐሞቷ ሲታመምና ቀዶ ጥገና ሲደረግላት "ለሥራ ወደ ጓንግዡ ሄጃለሁ" አለች። በዚያ አገር ልጅ ከቤት ርቆ ሲኖር ደግ ደጉን ብቻ ነው ወደ ወላጁ የሚልከው፤ ክፉውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ለራሱ ያስቀራል። ይህንንም ሁሉም ሰው መልካም ልጅነት ይለዋል። ስንት ሰው በዚህ መልካምነት ውስጡ እንደተቃጠለ የቆጠረ የለም።

እናም ስልኳ በየቀኑ ስምንት ሺህ እርምጃ ይሄድላት ጀመር።

ከእርምጃው የሚከብዳት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚመጣው ስልክ ነበር። ቀድማ ተነሥታ ትቀመጣለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ጉንጮቿን ታሻለች፤ ከዚያ ድምፅዋ እስኪሞቅ "አባዬ፣ አባዬ" እያለች ለብቻዋ ትለማመዳለች። ካሜራው ተበላሽቷል ብላቸዋለች። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ አየሩ፣ እሳቸው ስለሚልኩላት የሩዝ ቂጣ ታወራለች። መምህር ዡ የኒንግቦን የሩዝ ቂጣ ከካርቶን አይለዩትም። "የሰው ምግብ ብዪ ብዬ ነው የምልክልሽ" ይሏታል፤ ትስቃለች። ስልኩ ሲዘጋ ልብሷ በላብ ርሶ ይገኛል። የላኩላት ቂጣ ከነማሸጊያው ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደርድሯል፤ አንዱም አልተቀመሰም።

አንድ ቀን ስህተት ሠራች። በመስከረም አጋማሽ አውሎ ነፋስ ከባሕር ወደ ኒንግቦ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አውቶቡስ ቆመ፣ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ። ሊንግየን ግን ከመኝታዋ ሆና፣ እንደ ልማዷ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ቁልፏን ተጫነች። ማታ አባቷ ደወሉ።

"ነፋሱ እንዴት ነው?"

"ኃይለኛ ነው አባዬ። መስኮቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።"

"ወጥተሽ ነበር እንዴ?"

ያን ጊዜ ነው የነቃችው። 

"ኧረ ማን ይወጣል? ሳሎን ውስጥ ነው። ወዲያ ወዲህ ስል ነው የዋልኩት።"

ሳሎኗ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት እርምጃ ነው። አባቷ ያውቁታል፤ ቀለሙን የቀቡላት እሳቸው ናቸው።  

"ጥሩ ነው" አሉ። "ሳሎን ውስጥም ቢሆን መንቀሳቀስ ጥሩ ነው።"

ማታ ቀዩ ልብ እንደተለመደው መጣ። ሊንግየን ተረፍኩ ብላ አሰበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አባቷ ለምን ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን ከፍተው በእርምጃ መቁጠሪያው ላይ እንደሚታዩ አልጠየቀችም።

በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ዶክተር ፋንግ ዘንድ ቀረበች። ዶክተሯ ከእሷ ብዙ የማትበልጥ፣ ፊቷ የደከመ፣ ንግግሯ ግን ቁርጥ ያለ ሴት ናት። የሊንግየንን መልስ ስትሰማ ቆየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እዚህ መተኛት አለብሽ። ሐሙስ አንድ አልጋ ይለቀቃል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይልሻለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ።"

"እሺ ዶክተር።"

"አንድ የቅርብ ዘመድ ይዘሽ ትመጫለሽ። ይቺ ወረቀት ያለ ዘመድ ፊርማ አትሄድም። ማን አለሽ?"

"አባቴ ብቻ። እሱ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ነው። እንዲሰማ አልፈልግም።"

"የአባትሽ ልብ እዚህ ወረቀት ላይ የለም" አለች ዶክተር ፋንግ። "እዚህ ያለው ያንቺ ስም ነው። አሁን ዓይን ዓይኔን እዪና አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። እስከ ሐሙስ ራስሽን ትጠብቂልኛለሽ?"

"እስከ ሐሙስ" አለች ሊንግየን።

ወረቀቱን አጥፋ በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት፤ ያንንም ታውቃለች። ያስፈራት ቃሉ እስከ ሐሙስ ብቻ መሆኑ ነበር።

ማክሰኞ ጥርሷን ነክሳ ለአክስቷ ደወለች። አክስቷ ጓይፈን የአባቷ ታናሽ እህት ናቸው፤ እዚያው ዪያንግ ይኖራሉ። የቤተሰቡን ሠርግና ልቅሶ ሁሉ የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

"አክስቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። ለሁለት ቀን ወደ እኔ ቢመጡልኝ። አንድ ወረቀት ላይ የሚፈርም ዘመድ ያስፈልገኛል።"

"ምን ወረቀት? ቤት ልትገዢ ነው? ወይስ ሰው ተገኘ?" አክስቷ ድምፃቸው ፈካ አለ።

"የሆስፒታል ነው። አሞኛል። እንቅልፍ የለኝም፣ መብላት አልችልም፣ ከአልጋ መነሣት አቅቶኛል። የአእምሮ ሐኪም ነው ያየኝ።"

ከወዲያ በኩል የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ።

"ዝም በይ" አሉ አክስቷ ቀስ ብለው። "ማን ሰማሽ? ለማን ተናገርሽ?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው ለማንም እንዳትናገሪ። አንቺ ልጅ፣ አባትሽ አደባባይ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው በምን ይመስልሻል? 'ልጄ እንዲህ ናት፣ ልጄ እንዲያ ናት' እያለ ነው። ዕብዶች ቤት ገባች ሲባል ያቺ የብረት ቱቦ ልቡን ትይዝለታለች? በገዛ እጅሽ ነው የምትገድይው።"

"ዕብዶች ቤት አይደለም አክስቴ..."

"ስሙን እንዳሻሽ ጥሪው። እኛ ስንት ረሃብ ስናይ ድብርት የሚባል ነገር አላወቅንም፤ ጊዜውስ የት ነበር? በደንብ ብዪ፣ በጊዜ ተኚ፣ ባል ፈልጊ። እኔ ምንም አልሰማሁም። አንቺም ምንም አላልሽኝም።"

"ይቅርታ አክስቴ" አለች ሊንግየን። የሚገርመው ይቅርታ የጠየቀችው ከልቧ መሆኑ ነው። ስልኩን ዘግታ ጣሪያውን አየች። በገዛ እጅሽ የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

ረቡዕ ማታ አባቷ ደወሉ። ሁለት ጊዜ "አባዬ" ብላ ተለማምዳ አነሣችው።

"የሩዝ ቂጣው ደረሰሽ?"

"ደረሰኝ። ዛሬ በአትክልት ጠብሼ በላሁት።"

"እ።" መምህር ዡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላ የሚሉት ያላቸው ይመስል ነበር። "የንየን" አሉ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠሯት፣ ካደገች ወዲህ ግን ትተውት ነበር። "ነገ ጠዋትም ትራመጃለሽ አይደል?"

"እራመዳለሁ አባዬ። ምነው?"

"ምንም። ቁጥሩን ጠዋት ላይ ነው የማየው። እሱን ሳይ ደስ ይለኛል።"

ያን ጊዜ ልትናገር አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። አባዬ፣ ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስልኝ። ስድስት ቃል ብቻ ነው። የአክስቷ ድምፅ ግን ቀደማት፤ የእናቷም እጅ። "በል ደህና እደር አባዬ፣ መድኃኒትህን እንዳትረሳ" ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ።

ሊንግየን እጇን አወጣች። ስልኩን አነሣች። ማወዛወዣው ዘንድ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ። ትልቅ ነገር አስባ አልነበረም። ያቺን ቁልፍ መጫን ብቻ ከምንም በላይ ከበዳት፤ አንድ ተጨማሪ ቀን ደህና ነኝ ብሎ የሚዋሽላት ስልክ ማየት አልቻለችም። ድምፁን አጠፋችውና በፊቱ ደፍታ ትራሷ ሥር ከተተችው።

ቤቱ ጭር አለ። ያ ቂው ቂው የሚለው ድምፅ ለካ አብሯት ይኖር ነበር። እስከ ዛሬ ቢያንስ በቀን አንድ ሥራ ነበራት፤ ቁልፍ መጫን። ያችን ለመሥራት ትነቃለች፣ ነገም ያችን ለመሥራት ትነቃለች። አሁን እሷም ቀረች። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከትምህርት ቤቱ የብረት ዘንግ ላይ ወድቃ ክንዷ ሲሰበር፣ አባቷ አቅፈዋት እየሮጡ ያሏትን አስታወሰች። "ይህ አካል ያንቺ ብቻ አይደለም። እኔና እናትሽ ያስቀመጥንብሽ አደራ ነው።" በዚያ ቃል ብዙ ዓመት ኖራበታለች። ዛሬ ግን አደራውን የሚሸከም ጉልበት አልነበራትም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ የፊርማው ቦታ ባዶ እንደሆነ ተዘርግቷል። ሊንግየን ሰዓቱን ታያለች፣ ግድግዳውን ታያለች፣ ተመልሳ ሰዓቱን ታያለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ለዶክተር ፋንግ የገባችው ቃልም ያበቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግ ራሷም አታውቅም ነበር። ፈራች። ራሷን ነው የፈራችው።

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ በሩ ተንኳኳ።

አልተነሣችም። ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ነው፣ በር ላይ ጥሎ ይሄዳል ብላ ዝም አለች። እንደገና ተንኳኳ። አራት ምት፣ ዕረፍት፤ አራት ምት፣ ዕረፍት። በልጅነቷ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስምንት መቶ ተማሪ በአንድ ላይ እጁን የሚያነሣበትና የሚያወርድበት ምት ነው። እንዲህ የሚያንኳኳ ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው።

እንዴት በሩ ጋ እንደደረሰች አታውቅም። ከፈተችው።

መምህር ዡ ቆመዋል። የስፖርት ጃኬታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። በእጃቸው ምንም አልያዙም። እግራቸው ላይ ያለው ቤት ውስጥ የሚያደርጉት የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። ጫማው በደንብ ያልታሰረ ተማሪ ከሜዳ የሚያባርሩ ሰው በነጠላ ጫማ ሁለት ባቡር ቀይረው መጥተዋል። ልጃቸውን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ አዩዋት። ሳትታጠብ የከረመውን ጠጉሯን፣ የከሳውን አንገቷን አዩ።

"ዛሬ ዜሮ ነው" አሉ።

"አባዬ፣ ልብህ..."

"ልቤን ተይው። አብሮኝ መጥቷል።" ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከኪሳቸው ክኒን አውጥተው ምላሳቸው ሥር አደረጉ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። "እስከ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ መዘግየት ለማንም እፈቅዳለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ግን አንቺ ዘግይተሽ አታውቂም። ባቡሩ ላይ መቀመጫ አልነበረም፤ ቆሜ ነው የመጣሁት። አሥራ አራት ጊዜ ደውያለሁ።"

ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡ። ራስጌው ላይ የቆመችውን ዕቃ አዩ፤ በጣታቸው ገፋ አደረጓት። ግራ፣ ቀኝ።

"ይቺ ናት?"

ሊንግየን መሬት መሬት አየች። "መቼ አወቅህ?"

"በአውሎ ነፋሱ ጊዜ። ከዚያ በፊትም ጠርጥሬ ነበር። ስምንት ሺህ አርባ፣ ስምንት ሺህ ሃምሳ፣ ስምንት ሺህ አርባ ሦስት! ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳስሮጥ ኖሬ እንዲህ የሚራመድ ሰው አላየሁም። ከጠዋት በኋላ ደግሞ አንድ እርምጃ የለሽም። ሰው ሌላው ቢቀር ሽንት ቤት አይሄድም?"

ሳታስበው አንድ ነገር ከጉሮሮዋ አመለጣት፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልታወቀም።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

መምህር ዡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸው ጎበጠ።

"እናትሽ አንቺን በወለደች ጊዜ ሰባት ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ለሰው ሁሉ ወገቧን ነው አልን። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ራስጌዋ ቆሜ 'አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ተነሺ' እላት ነበር። የስፖርት መምህር አይደለሁ? በስፖርት የሚድን መስሎኝ። አንድ ቀን እያለቀሰች 'ባይሆን ድምፅህን ቀንስ' አለችኝ። ይኸው ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አልወጣልኝም። አንቺንም ከነካሁሽ ያንኑ የምልሽ መሰለኝ። ብጠይቅሽ ደግሞ ሌላ መደበቂያ ትፈልጊ ነበር።" ማወዛወዣዋን አነሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። "ግን ይቺን ጠዋት የሚያስነሣት እጅ አለ አልኩ። እርምጃው ውሸት ቢሆንም ቁልፉን የምትጫነው እሷ ናት አልኩ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ልጄ ዛሬም አለች እል ነበር። ከዚያ ነው ቁርሴን የምበላው።"

ሊንግየን መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ለሁለት ወር ያላለቀሰችውን አለቀሰች። አባቷ አባብለዋት አያውቁም፤ አሁንም አላወቁበትም። ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው እስኪበቃት ጠበቁ።

"እናትሽ አባትሽን አታስጨንቂ አለችሽ አይደል?" አሉ። "ለእኔ ነግራኝ ነበር። ተሳስታለች። ሰው ልጁን የሚወልደው ሊጨነቅላት ነው። አሁን የሚፈረም ነገር አለ? ጠረጴዛው ላይ አይቻለሁ።"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

ሰዓታቸውን አዩ። ስምንት ሰዓት ከአሥር ይላል። ከጃኬታቸው ኪስ እስክሪብቶ አወጡና ወረቀቱን እያንዳንዱን መስመር አነበቡ። ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ "አባት" ብለው በድሮ የመምህር ጽሕፈታቸው ጻፉ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሊንግየን ጫማዋን አጥልቃ ማሰሪያውን መቋጠር አቃታት፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። መምህር ዡ ጎንበስ አሉ።

"ተው አባዬ። አይሆንም።" ደነገጠች። አባት ልጁ እግር ሥር ሲንበረከክ አይታ አታውቅም።

"እግርሽን አቅርቢ።"

ሁለቱንም በድርብ ቋጠሩላት፣ ሜዳ ላይ እንደሚያስተምሩት።

ታክሲው ውስጥ አክስት ጓይፈን ደወሉ፤ ወንድማቸው በር ሳይቆልፉ መጥፋታቸውን ጎረቤት ነግሯቸው ነው። "ኒንግቦ ነኝ" አሉ መምህር ዡ። "ሆስፒታል እየወሰድኳት ነው። አዎ፣ የአእምሮ። ለጠየቀሽ ሁሉ ንገሪ። ደግሞ ወገቧን ነው እንዳትዪ።" ዘጉትና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሊንግየን አየችው፣ እሳቸውም ማየቷን አዩ፣ ማንም አልደበቀም።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዶክተር ፋንግ ወረቀቱን ተቀበለች። መጀመሪያ ፊርማውን አየች፣ ቀጥሎ የሽማግሌውን ነጠላ ጫማ። "እንኳን መጡ" ብቻ አለች።

ክፍሉ መግቢያ ላይ ነርሷ ስልኳንና የጫማዋን ማሰሪያ ጠየቀች፤ ደንብ ነው። መምህር ዡ እንደገና ጎንበስ ብለው ከአርባ ደቂቃ በፊት የቋጠሩትን ራሳቸው ፈቱት። ማሰሪያውን ሰጡ። የልጃቸውን ስልክ ግን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

"ይሄንን ከወሰዳችሁት ጠዋት በምን አውቃለሁ?"

"ምኑን አባት?" አለች ነርሷ።

"መነሣቷን።"

"ጠያቂ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ያኔ ያገኟታል።"

"ከሰዓት በኋላ ሩቅ ነው" አሉ መምህር ዡ። ከዚያ ኮሪደሩን አሻግረው አዩ። "መስኮቷ ወደ የት ነው?"

"ወደ ግቢው። ሁለተኛው ፎቅ፣ ከበሩ ሦስተኛው።"

ስልኩን ሰጡ። ልጃቸውን ምንም አላሏት፤ በጣታቸው አንድ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ አሥር አሳዩአት። ገባት።

ሊንግየን የዚያን ቀን ምሽት የሰጧትን ዋጠች፣ ተኛች። ጠዋት ስትነቃ ደረቷ ላይ ያለው ሸክም እንደ ትናንቱ ነበር። አልቀለለም። ግድግዳው በአንድ በኩል፣ መስኮቱ በሌላ በኩል ነው። ከበሩ በላይ ያለው ሰዓት አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ይላል። ውጭ ካፊያ አለ። ምናልባት አልመጡም አለች። ዝናብ ነው፣ በነጠላ ጫማ ናቸው፣ ልባቸውም ደክሟል። ፊቷን ወደ ግድግዳው ልታዞር ነበር።

ከግቢው፣ ከታች፣ አንድ ድምፅ ሰማች። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ቀንሶ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ይላል።

ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። እግሯን አወረደች። ያለ ማሰሪያ ጫማዋን አጠለቀች።

ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነበር።